«ከኋላ ይመታል»፦ በደብረ ማርቆስ የተሠራ አንድ የቪዲዮ ጨዋታና የድምፁ ጉዳይ

ደብረ ማርቆስ ላይ የተሰባሰቡ ጥቂት ወጣቶች አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ሠርተዋል። ተጫዋቹ የሲራራ ነጋዴ ይሆናል። ዘመኑ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የጎጃሙ ባሶ ገበያ፣ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ከሰሜኑ አሞሌ ጨው ጋር የሚገናኝበት ስመ ጥር ገበያ የነበረበት ጊዜ። ተጫዋቹ በቅሎዎቹን ጭኖ ከባሶ ይነሣል፤ ኬላ ላይ ቀረጥ ይከፍላል፤ ከሽፍታ ይጋጠማል፤ በመጨረሻም ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ መልካውን ይሻገራል።

ሥዕሉ ግሩም ነው። በቅሎዋ ቁልቁለት ስትወርድ የኋላ እግሯን እንዴት ሰብስባ እንደምትረግጥ በቅርብ ያስተዋለ ሰው እንደሣላት ያስታውቃል። የጮቄ ጉም ሲነሣና ሲወርድ የሚያየውን ሰው ብርድ ብርድ ይለዋል። ሙዚቃው ማሲንቆ ነው፤ እሱም ደኅና ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ጨዋታውን እንዲሞክሩ የተጋበዙት ልጆች ብዙ ሳይቆዩ ድምፁን ዘግተው መጫወት ያዙ። እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው። ሙያዬ የመድረክና የሬዲዮ ድራማ ዝግጅት ነው፤ የቪዲዮ ጨዋታን የማውቀው ደግሞ ከልጆቼ ጋር ተጫውቼ ነው። ጨዋታው ገና ለገበያ ስላልቀረበ ስሙንም ሆነ የሠሪዎቹን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩን እንድጽፈው ግን ፈቅደውልኛል።

ጌም ቤቱ ውስጥ የታየው

ሙከራው የተካሄደው በከተማው ካሉት ጌም ቤቶች በአንዱ ነው። ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ተራውን የሚጠብቅ ጉብል። አብዛኛው ሰው የሚጫወተው እግር ኳስ ነው። እዚያ ተቀምጬ መጀመሪያ ያስተዋልኩት የእግር ኳሱን ጨዋታ የሚያጅበው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ድምፅ እንዴት ከፍ ተደርጎ እንደሚደመጥ ነው። ልጆቹ ከሚለው ውስጥ ግማሹ አይገባቸውም። ግን ኳሷ ወደ ግብ ስትቃረብ ድምፁ እየጋለ እንደሚሄድ፣ ስትመክን ደግሞ እንደሚበርድ ያውቃሉ፤ ዐይናቸው አንዱን ተጫዋች ሲከተል ጆሯቸው ሜዳውን ይጠብቃል። አንዱ ተነሥቶ ልዝጋው ቢል ጠብ ይነሣ ነበር።

እነዚያው ልጆች፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚናገረውን ጨዋታ ድምፁን ዘጉት። ለአንድ የአገር ውስጥ ሥራ ከዚህ የከፋ ፍርድ አላውቅም።

ድምፁን ካልዘጉት ጥቂቶች አንዱ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው የሚሆን ልጅ ነበር። ከጉዞው አጋማሽ ላይ አንድ የሽፍታ አለቃ አለ፤ ትልቅ ጋሻ ይዟል፤ ከፊት የሚሰነዘርበትን ሁሉ በጋሻው ይመክታል። የሚሸነፈው ዞረው ጀርባውን ሲመቱት ብቻ ነው። ይህን ምስጢር ለተጫዋቹ የሚነግረው የነጋዴዎቹ አለቃ፣ ነጋድራሱ ነው፤ ከድንጋይ ሥር ተሸሽጎ በሹክሹክታ «ሽፍታው ከኋላ ይመታል» ይላል። ልጁ ይህን እንደ ሰማ ነጋዴውን እያስሮጠ ወሰደና ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ አቆመው። ሽፍታው ከፊት መጣ፤ ገደለው። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ጀርባውን ለገደሉ ሰጠ፤ እንደገና ሞተ። ደጋግሞ ከሞተ በኋላ መቆጣጠሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረና «ከኋላ ይመታል አለኝ አይደል እንዴ? ጀርባዬን ሸፈንኩ፤ ታዲያ ሌላ ምን ላድርግ!» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ድምፁን የቀዳው ወጣት ቃሉን አላልቶ አንብቦታል። ላልቶ ሲነበብ ሽፍታው መቺ ነው፤ ከኋላ መጥቶ የሚመታ። ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ተመቺ ይሆናል፤ ማለትም ሊመታ የሚገባው ከኋላው ነው። ምክር ሆኖ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ተሰማ፤ ልጁም የተነገረውን በታማኝነት ፈጸመ። ከማያ ገጹ ግርጌ የሚወጣው ጽሑፍም አላዳነውም፤ ፊደላችን ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚጽፋቸው። በሌላ ቋንቋ የተሠራ ጨዋታ ንግግሩ ቢበላሽ ተጫዋቹ ጽሑፉን አንብቦ ይተርፍ ይሆናል። በአማርኛ ግን አንዳንዴ መረጃው ያለው በድምፁ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅ ሥዕሉና ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ የሚጨመር ጌጥ ሊሆን አይችልም፤ እንደ ጋሻውና እንደ ገደሉ ሁሉ የጨዋታው ሕግ አካል ነው። ድምፅ ጌጥ ነው ይሉ የነበሩት ወጣቶች የተረቱት በዚህ ነው። ስለ ኪነ ጥበብ ክቡርነት ሰብኬ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እንከራከር ነበር።

የመጀመሪያው ቅጂ

ከሠሪዎቹ መካከል ድምፁ ጎርነን ያለ አንድ ልጅ አለ። የወንዶቹ ሁሉ ድርሻ ለእሱ ተሰጠ፤ የሴቶቹን እኅቱ እንድታነብለት ተለመነች። የሚነበበው በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ላይ ተደርድሮ ነበር፤ አደራደሩ ግን በፋይል ቁጥር እንጂ በታሪኩ ቅደም ተከተል አልነበረም። ለኮምፒውተሩ ይህ ይመቸዋል። ለአንባቢው ግን ነጋድራሱ በቅሎ ገደል ሲገባበት የሚናገረው ከገበያ ሰላምታ ቀጥሎ ይመጣበታል፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የሽፍታው ጉዳይ። ማን ለማን እንደሚናገር፣ የት ቆሞ፣ ምን ፈልጎ እንደሆነ የሚገልጽ አንድም ዐምድ አልነበረውም። ያነበበው ልጅ ራሱ የሽፍታውን ጋሻ በኮምፒውተር የሠራ ነው! ከማንም በላይ ሽፍታው በየት በኩል እንደሚመታ ያውቃል። በዚያ ሰዓት ፊቱ የነበረው ግን አንድ መስመር ጽሑፍ እንጂ ሽፍታ አልነበረም።

ክፍሉም አላገዘም። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ባዶ። የተቀዳው ሁሉ ከባዶ በርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ዐይን ነጋድራሱን ሜዳ ላይ ያየዋል፤ ጆሮ ደግሞ በአራት ግድግዳ መካከል ይሰማዋል። ይህን በኋላ ማረም እጅግ ከባድ ነው። ማሚቶ መጨመር ቀላል ነው፤ ከድምፁ ጋር አብሮ የተቀዳ ማሚቶን አጥርቶ ማውጣት ግን በውድ መሣሪያም ሁልጊዜ አይሳካም። ባለሙያዎች ድምፅን ማሚቶ በሌለው ክፍል ቀድተው የገደሉን ወይም የዋሻውን ማሚቶ በኋላ በኮምፒውተር የሚጨምሩለት ለዚህ ነው።

ሌላው ደዌ የቃለ ተውኔቱ አጻጻፍ ነበር። «ተጠንቀቅ! ከፊት ለፊትህ ከፍተኛ የውኃ መጠን ያለው ወንዝ ይገኛል።» እንዲህ ብሎ የሚናገር ነጋዴ በጎጃም ምድር ተፈጥሮ አያውቅም። ይህ ከየትኛውም ታላቅ ተዋናይ አፍ ቢወጣ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ እንጂ ንግግር አይሆንም።

ወጋየሁ ብቻውን ነበር

ወጣቶቹ መከራከሪያ ነበራቸው፤ ደካማም አልነበረም። «ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ብቻውን አልነበረም እንዴ? ለእኛስ አንድ ሰው ለምን ያንሰናል?» አሉኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን ስም የጠራ ሰው ግማሹን ክርክር አሸንፏል። ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ አካባቢ ተወላጅ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፋቸውን ከወረቀቱ ይልቅ ከወጋየሁ አንደበት የሚያስታውሰው ስንቱ ነው? ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሣንና ሰብለ ወንጌልን ከአንድ ጉሮሮ ሲያወጣቸው አንዱን ከሌላው የሚያምታታ አድማጭ አልነበረም።

ግን ወጋየሁ ተዋናይ ነበር፤ የመድረክ ሰው። እጁ ላይ የነበረውም ሙሉ መጽሐፍ እንጂ የተበጣጠሰ ሰንጠረዥ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሬዲዮ ትረካ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራው የሚፈስ ነው፤ አድማጩ ያዳምጣል እንጂ መሐል ገብቶ አያቋርጥም። በጨዋታ ግን ተጫዋቹ ነጋድራሱን እያወራ ትቶት በቅሎ ሊያሳድድ ይችላል። ንግግሩን ከመሐሉ ሊቆርጠው ይችላል። በተሸነፈ ቁጥር ደግሞ ያንኑ ቃል ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ስካይሪም የተባለውን ጨዋታ የተጫወተ ሁሉ ጉልበቱን በቀስት የተወጋውን የከተማ ዘበኛ ያውቀዋል። ዱሮ እንደ ተጫዋቹ ጀብደኛ እንደነበረ፣ ቀስቲቱ ግን እንዳስቆመችው የሚናገርባት ዐረፍተ ነገር ለብቻዋ ስትሰማ ጥሩ ናት፤ በየከተማው በር የቆመ ዘበኛ ሁሉ ያችኑ ሲደግማት የዓለም መሳለቂያ ሆነች። ሊቆረጥ የሚችልንና ሊደጋገም የተፈረደበትን ንግግር መናገር ከትረካ የተለየ ሙያ ይጠይቃል።

ከሐዲስ ዓለማየሁ ግን የወሰድነው ነገር አለ። እሳቸው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በሚጠብቁ ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል፤ አንባቢው እንዳይሳሳት። ልማዱ ከእሳቸው በኋላ አልተስፋፋም። እኛ ለተዋንያን የሚሰጠውን ቃለ ተውኔት በወረቀት አሳትመን፣ አጠራጣሪ ቃል ባለበት ሁሉ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረግንበት። የሽፍታውን ጋሻ የሠራው ልጅ ነጥብ ሲያደርግ ያመሸባቸውን ምሽቶች እስከ ዛሬ ያማርራል፤ ሥራው ግን ተገቢ ቅጣት ነበር።

ሌሎቹም አልዳኑም

ድምፅን መናቅ የድኻ ሠሪ በሽታ ብቻ እንዳይመስለን። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ሬዚደንት ኢቭል የተባለውን አስፈሪ ጨዋታ ሲያወጣ ታሪኩ የሚካሄድበት ቤት ጨለማና ዝምታ ተጫዋችን የሚያርበደብድ ነበር፤ የእንግሊዝኛው ንግግር ግን እስከ ዛሬ ያስቃል። ጂል የተባለችውን ሴት ጣራ ወርዶ ሊጨፈልቃት ሲል ጓደኛዋ ባሪ ያወጣታል፤ ወዲያው ሳንድዊች ልትሆን ምንም እንዳልቀራት ይነግራታል፤ የሚናገርበትም ቃና ሞት ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ቃና አይደለም። ኩባንያው በ2002 ጨዋታውን እንደ አዲስ ሲሠራው ንግግሩን በሌሎች ተዋንያን አስቀዳው።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ዴስቲኒ ነው። የአሜሪካው ቡንጂ ኩባንያ ይህን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያወጣ፣ ከተጫዋቹ ጎን የማይለየውን ጎስት የተባለ ትንሽ ሮቦት እንዲናገር የመረጠው ፒተር ዲንክሌጅን ነበር፤ በ2011 በቴሌቪዥን ትወናው ኤሚ ሽልማት የወሰደ፣ ችሎታው የማይታማ ሰው። ተጫዋቾች ግን ንግግሩ ደከመብን፣ ስሜት የለውም ብለው አጉረመረሙ። ጨዋታው ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ ጠንቋዩ ከጨረቃ እንደመጣ የሚናገርባት አንዲት ዐረፍተ ነገር መሳቂያ ሆና ጨዋታው ሲወጣ ተሰርዛ ተገኝታለች። በዓመቱ ኩባንያው ኖላን ኖርዝ የተባለውን፣ ብዙ ዘመኑን በጨዋታ ድምፅ ያሳለፈ ተዋናይ አመጣና የጎስትን ንግግር ከመጀመሪያው ጀምሮ አስቀዳው። ለእኔ ይህ የሚናገረው ስለ ተዋናዩ ችሎታ አይደለም። ዝናና ያማረ ድምፅ ብቻቸውን ጨዋታ አይሸከሙም ማለት ነው። ተናጋሪው ምን እያየ፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ እንደሚናገር ካልተሰማን፣ የሆሊውድ ሰውም ሆነ የእኛው ጎርናና ጎረምሳ ውጤታቸው ይቀራረባል። ልዩነቱ ክፍያው ላይ ነው።

ዳግም ቀረጻው

ነጋድራሱን ማን ይሁን ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ የጠሩት በአካባቢው በፉከራና በቀረርቶ የታወቀ ሰው ነው። ሠርግ ላይ ሲነሣ ሽማግሌው ሁሉ ጋቢውን ሰብስቦ ይቆማል። ማይክሮፎን ፊት ግን አልሆነም። ያ ድምፅ ለሜዳ የተገራ ነው፤ ማይክሮፎን ደግሞ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ የሚቀመጥ ጆሮ ነው። ሹክ በል ሲሉት ሹክ የሚለው ለመንደሩ ነው። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። ጎጃም የቃል አገር ነው፤ ከዋሸራና ከጎንጅ ቅኔ እስከ ሙሾና ሽለላ ድረስ አንደበት የሚያስከብርበት ምድር። ስለዚህ ወጣቶቹ ሀብቱ ከደጃችን ሳለ የምን የድምፅ ተዋናይ ነው ብለው ነበር። ሀብቱስ አለ። ግን ቀረርቶ ለሺህ ሰው ነው፤ የጨዋታ ንግግር ለአንድ ሰው ነው፤ ያውም ብቻውን ጨለማ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አጥልቆ ለሚጫወት ሰው።

ሰውየውን ግን አላሰናበትነውም። ከዓባይ ማዶ ሆኖ ወንዙ መሙላቱን የሚጣራ እረኛ አለ፤ እሱን ሰጠነው። ከቤት አውጥተን፣ ከማይክሮፎኑ በጣም አርቀን፣ ጮኾ እስኪበቃው ቀዳነው። ሠዓሊው ገደሉን ለማሳየት ወራት ደክሟል፤ እረኛው ሲጣራ ነው ገደሉ ጥልቅ የሆነው።

ነጋድራስ የሆኑት በወጣትነታቸው በደጀን በረሃ በአህያና በበቅሎ እህል ሲያመላልሱ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ማንበብ አይችሉም። ወጣቶቹ ደነገጡ፤ እኔ ደስ አለኝ፤ ካላነበቡ ሊናገሩ ነው። ኮምፒውተሩን ፊታቸው አድርገን፣ ነጋዴው ወደ ሞላው ወንዝ ሊገባ አንድ እርምጃ ሲቀረው አቆምነውና «አባባ፣ ይህ ልጅ የእርስዎ ቢሆን አሁን ምን ይሉታል?» አልኳቸው። ማያ ገጹን ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ተው! ተው ልጄ! ድፍርሱን አታየውም? ይወስድሃል!» አሉ።

«ከፍተኛ የውኃ መጠን» ይል የነበረው ይኸው ነው። «ተው» ሁለት ጊዜ ሲባል ሁለቱ አንድ አልነበሩም፤ የመጀመሪያው ድንጋጤ ነበር፣ ሁለተኛው ልመና። ማንም እንዲህ ይበሉ አላላቸውም። ወንበሩ ሲንቋቋ አብሮ ስለተቀዳ ግን ደግመን መቅዳት ግድ ሆነብን። ሁለተኛው እንደ ፊተኛው አልሆነም፤ ራሳቸውን ሊቀዱ ሞከሩ። ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ አንድ በወንዝ ስለተወሰደች በቅሏቸው አስወራናቸውና መልሰን ስንጠይቃቸው ከመጀመሪያው የበለጠ አገኘን። ያንን ነው የያዝነው።

ወደ ሽፍታው ስንደርስ ሌላ ነገር ተፈጠረ። ቃሉን ከነጥብቀቱ ነገርኳቸው። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ማን ይላል? ዙርበትና ጀርባውን በለው ነው እንጂ የሚባለው» አሉ። ያ ሁሉ የነጥብና የጥብቀት ክርክር በዚህች ዐረፍተ ነገር ላይ ዋጋ አጣ፤ ሰው እንደሚናገረው ሲነገር መጀመሪያውኑ አሻሚነት አልነበረውም። ነጥቦቹ በሌሎች ብዙ ቦታዎች ጠቅመውናል፤ እዚህ ላይ ግን መድኃኒቱ ጸሐፊውን ከተናጋሪው ጋር ማስቀመጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ቃለ ተውኔቱን የጻፈው ልጅ በየቀረጻው እየተገኘ እዚያው ያርም ጀመር።

ተደጋግመው ለሚሰሙት ንግግሮች አንዱን በብዙ መልክ ቀዳን። ተጫዋቹ መጀመሪያ ሲሸነፍ ነጋድራሱ ይመክሩታል፤ ሲደጋግም «ነግሬህ አልነበረም?» ይሉታል፤ በጣም ሲያበዛው ዝም ይላሉ፤ ረጅም ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ያችን ትንፋሽ ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው ወደዷት፤ ሊሰሟት ብለው ሆን ብለው የሚሞቱም አሉ።

የጠጅ ሻጯን የሠራችው ከባሕር ዳር የመጣች የመድረክ ተዋናይት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው «እጄ ላይ ምንድን ነው ያለው?» ብላ ነው። ብርሌ ሰጠናት። ነጋዴውና እሷ የሚከራከሩበትን ትዕይንት ሁለቱን ተዋንያን ፊት ለፊት አቁመን ቀዳነው እንጂ ለየብቻ አላደረግነውም። ትልልቆቹም የደረሱበት ይህንኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ በተባለው ጨዋታ ትሮይ ቤከርና አሽሊ ጆንሰን ድምፃቸውን ብቻ ሳይሆን የአካላቸውን እንቅስቃሴ ጭምር እየሰጡ ትዕይንቶቹን አብረው ተውነዋቸዋል፤ ጆንሰን በዚያው ሥራ በ2014 የባፍታ ሽልማት አግኝታለች።

ስለ መሣሪያው ብዙ የሚባል የለም። የክፍሉን ግድግዳ በብርድ ልብስና በፍራሽ ሸፈንነው። ስቶኪንግ በሽቦ ቀለበት ወጥረን ማይክሮፎኑ ፊት አቆምነው፤ «ፈ»ና «በ» ሲባል ከአፍ የሚወጣው ትንፋሽ እንዳይመታው። «ጠ»ና «ቀ» ሲጠብቁ በድንገት ጮኸው ስለሚወጡ የመቅጃውን ልክ ዝቅ አድርጎ መጀመር ያዋጣል። ወቅቱ ክረምት ስለነበረ ቆርቆሮው ላይ ጠብታ ሲጀምር ሥራ ይቆማል፤ ቡና ይፈላል። ድምፁን በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ በአንድ ቻናል ነው የቀዳነው፤ እንዲህ ሲሆን አንድ ደቂቃ ያልታመቀ ድምፅ 6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ለስልክ ሲሆን ታምቆ መግባት አለበት፤ ዋናው ቅጂ ግን ሳይታመቅ ይቀመጣል።

አንድ ያላሰብነው ወጪ ግን መጣ። ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት ነጋዴ መምረጥ ይችላል። በእንግሊዝኛ ቢሆን ለተጫዋቹ የሚነገረው አንድ ጊዜ ተቀድቶ ያልቃል። ለእኛ «ዙርበት» አለ፤ «ዙሪበት» አለ፤ ለተጫዋቹ የሚነገር ነገር ሁሉ እጥፍ ሆነ። ወጣቶቹ ገንዘብ ለመቆጠብ «እንዙርበት» ብለው ሊያልፉት ፈለጉ። አዛውንቱ «እኔ ድንጋይ ሥር ተቀምጬ ምኑን አብሬ እዞራለሁ?» ብለው አልተቀበሉም። ሁለት ጊዜ ተቀዳ። ደግ ሆነ፤ ለሴት ልጅ ሲናገሩ ቁጣቸውም ልመናቸውም ሌላ ነው።

ውጤቱና ያልተፈታው

አዲሱን ቅጂ እዚያው ጌም ቤት ወስደን አስሞከርን። ነጋድራሱ ሲናገሩ የማለፊያውን አዝራር የሚጫን ቀነሰ፤ ሽፍታው ጋ ጀርባውን ለገደል የሚሰጥ ጠፋ። መግቢያው ላይ ያለውን ረጅም የታሪክ ትረካ ግን ሁሉም እንደ ወትሮው ዘለሉት። እጅግ ባማረ ድምፅ ነበር የተቀዳው። ልጁ መቆጣጠሪያ ይዞ ምንም ሳያደርግ የሚጠብቅበት ንግግር ማንም ይናገረው ማን ይዘለላል። ትረካው ተቆራርጦ፣ በቅሎዎቹ እየተጓዙ ሳለ በነጋድራሱ አፍ እየተነገረ እንዲሄድ ተወሰነ፤ ሥራው አላለቀም።

ገንዘቡ ዋናው ንትርክ ሆኖ ቀጥሏል። ከሠሪዎቹ አንዱ በኮምፒውተር የሚፈጠር ድምፅ እንጠቀም የሚል ሐሳብ አመጣ፤ ተሞከረም። ዜና ሲያነብ አያስከፋም። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ግን በግምት ነው የሚያነበው፤ ያችን «ተው» ሁለት ጊዜ ሲላት ሁለቱም አንድ ናቸው። ይህ ዓለም የተጣላበት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የተዋንያን ማኅበሩ ሳግ አፍትራ ከጨዋታ ኩባንያዎች ጋር ሁለት ጊዜ ሥራ አቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 በነበረው አድማ ከጥያቄዎቹ አንዱ ጉሮሮ የሚጎዳ የጩኸት ቀረጻ በሰዓት እንዲገደብ ነበር፤ ከሐምሌ 2024 እስከ ሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. በዘለቀው ደግሞ ዋናው ጥያቄ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዋናይን ድምፅ ያለ ፈቃዱና ያለ ክፍያ እንዳይኮርጅ ነው። እኛም በትንሹ ውላችን ላይ ይህን ጻፍን፤ የአዛውንቱ ድምፅ ከዚህ ጨዋታ ውጭ ለምንም፣ ድምፅ ለሚፈጥር ኮምፒውተር ማስተማሪያም ቢሆን፣ እሳቸው ሳይፈቅዱ አይውልም። ሲነበብላቸው «ድምፄን ወስዶ እኔ ያላልኩትን ሊናገርበት?» ብለው ጠየቁ። አዎ ስንላቸው ውሉን ደግመን እንድናነብላቸው አዘዙ፤ ከዚያ በኋላ ነው የጣት አሻራቸውን ያሳረፉት።

ለሁለተኛው ምዕራፍ የድምፁ በጀት ከሥዕሉ ጋር እኩል ቀድሞ እንዲያዝ ተስማምተዋል። ሠዓሊው አልወደደውም፤ አልፈርድበትም። የቀረጻው ሰንጠረዥም በታሪኩ ቅደም ተከተል ተደርድሯል፤ ለማን፣ ከየት፣ ምን ፈልጎ የሚሉ ዐምዶች ተጨምረውበታል። አሁን የቸገረን የኬላ ጠባቂው ነው። ጉቦ የሚጠይቅ ሳይመስል ጉቦ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ያስፈልገናል። ሁለት ሰዎች ተፈትነዋል፤ ሁለቱም ለኬላ ጠባቂነት እጅግ ጨዋ ናቸው።